ምዕራፍ ስድስት፦ ድምፁ ያው፣ ወንበሩ ሌላ

ስለ ምርጫ ሥርዓት እንዳስተምር በተጠራሁ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ አምስት ሲኒና አንድ ከረጢት ጥራጥሬ አይጠፋም። ከረጢቱ ውስጥ 40 ፍሬ ባቄላ፣ 35 ፍሬ ሽምብራና 25 ፍሬ አተር አለ፤ ድምሩ 100 ነው። ሲኒዎቹን ጠረጴዛ ላይ እደረድርና ከሠልጣኞቹ አንዱን አስነሥቼ በእያንዳንዱ ሲኒ 8 ባቄላ፣ 7 ሽምብራና 5 አተር እንዲጨምር አደርጋለሁ። ሲኒው የምርጫ ክልል ነው፣ ፍሬው መራጭ ነው። በሲኒው ውስጥ በቁጥር የበለጠው እህል የዚያን ሲኒ ወንበር ይወስዳል። ቆጠራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ባቄላ አምስቱንም ወንበር ይጠቀልላል። ከመቶው ፍሬ 60ው ባቄላ አይደለም፤ ምክር ቤቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ባቄላ ነው።

ቀጥዬ ሌላ ሰው አስነሣለሁ። “አንድም ፍሬ ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ ሽምብራውን ወደ ሁለት ሲኒ ሰብስበው” እለዋለሁ። በአንዱ 15፣ በሌላው 12 ሽምብራ ያደርጋል። የተረፉት 8 በሦስቱ ሲኒዎች ይበተናሉ፤ ባቄላውና አተሩ ደግሞ የጎደለውን እየሞሉ እያንዳንዱ ሲኒ እንደ በፊቱ 20 ፍሬ ይይዛል። እንደገና እንቆጥራለን። ባቄላ ሦስት፣ ሽምብራ ሁለት። ሽምብራ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይጨመርለት ከባዶ ተነሥቶ ሁለት ወንበር አገኘ።

በሦስተኛው ዙር ሲኒዎቹን አነሣና ጥራጥሬውን በሙሉ ሰፌድ ላይ እዘረግፈዋለሁ። መቶው ለአምስት ወንበር ሲካፈል የአንድ ወንበር ዋጋ 20 ፍሬ ነው። ባቄላ በ40ው ሁለት ወንበር ይይዛል። ሽምብራ አንድ ወስዶ 15 ይተርፈዋል፤ አተር አንድ ወስዶ 5 ይተርፈዋል። የቀረችው አንዲት ወንበር ትልቁ ትራፊ ላለው ለሽምብራ ትሄዳለች። ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ።

እዚህ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው፣ “ልጄ፣ ታዲያ እውነተኛው ውጤት የትኛው ነው?” አሉኝ። ያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፤ ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ሙሉውን መልስ ለመስጠት ነው።

ሦስቱም እውነተኛ ናቸው። አንድም ፍሬ አልተሰረቀም፤ ኮሮጆም አልተገለበጠም። የተለያየው ድምፅን ወደ ወንበር የሚለውጠው ሕግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ናቸው፦ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ያልፋል፣ የቀሩት ድምፅ እዚያው ይቀራል። እንግሊዝ፣ ሕንድና ኢትዮጵያ የሚመርጡት በዚህ ነው። ሦስተኛው ተመጣጣኝ ውክልና ይባላል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔዘርላንድስና እስራኤል ይዘውታል። ጀርመንና ኒውዚላንድ ደግሞ ሁለቱን አዋሕደው ቅይጥ አድርገውታል።

በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የደጋፊ ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ደጋፊው የት እንደሚኖር ይበልጥ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ በተደረገው ምርጫ ሪፎርም የተባለው ፓርቲ ከጠቅላላው ድምፅ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ሲደርሰው፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ12.2 በመቶ 72 ወንበር ወስደዋል። ያነሰ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ከአሥር እጥፍ በላይ ወንበር ያዘ። የአንደኛው ደጋፊ እንደ መጀመሪያው ዙር ሽምብራ በየሲኒው ተበትኖ ነበር፤ የሌላኛው በተመረጡ ክልሎች ተሰብስቦ ነበር። ያሸነፈው ሌበር ፓርቲ ራሱ በ33.7 በመቶ ድምፅ ከ650 ወንበር 411ዱን ነው የያዘው።

እንግሊዝ ይህን ችላ ትኖራለች። የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው ብሎ አምኖ የሚጠብቅ ተሸናፊ አላትና። ያ እምነት በሌለበት አገር ግን ይኸው ሕግ ምን እንደሚያስከትል ያየሁት በሌሶቶ ታሪክ ነው። ከአፍሪካ አገሮች ስለ ምርጫ ሥርዓት የእሷን ያህል ዋጋ ከፍላ የተማረች አላውቅም።

ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ተራራማ ንጉሣዊ አገር ናት። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ባሶቶ ይባላል፣ ሴሶቶ ይናገራል። ፓርቲዎቹ የሚለያዩት በታሪክና በቂም እንጂ በቋንቋ አይደለም። ስለዚህም የየፓርቲው ደጋፊ በየሲኒው ተበትኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1993 ባሶቶላንድ ኮንግረስ ፓርቲ ከ65 ወንበሮች 65ቱንም አሸነፈ። ቢኤንፒ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ 22.6 በመቶ ድምፅ ቢያገኝም ምክር ቤቱ በር ላይ ቀረ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንትሱ ሞኬሌ ከገዛ ፓርቲያቸው ተገንጥለው ሌሶቶ ኮንግረስ ፎር ዴሞክራሲን፣ ባጭሩ ኤልሲዲን መሠረቱ። ግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ኤልሲዲ 60.7 በመቶ ድምፅ አገኘ። ይህ ጥሩ ድል ነው፤ ማንም አይክደውም። ወንበሩ ግን ከ80 79 ሆነ። ቢኤንፒ ከአራት መራጭ የአንዱን ያህል ድምፅ አግኝቶ አንዲት ወንበር ደረሰችው። ሞኬሌ የተገነጠሉበት አሮጌው ፓርቲ 10.5 በመቶ ይዞ ባዶውን ተመለሰ።

ተቃዋሚዎቹ “ተጭበርብረናል” ብለው ተነሡ። ነሐሴ እዚያ የብርድ ወር ነው። ባሶቶዎች እንደኛ ደጋ ሰው ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ደርበው የሚሄዱ ሕዝቦች ናቸው፤ በዚያ ብርድ በዋና ከተማዋ በማሴሩ የንጉሥ ሌትሲ ሣልሳዊ ቤተ መንግሥት በር ላይ ሰፈሩ። ጉዳዩን እንዲመረምር በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ በፒየስ ላንጋ የሚመራ ቡድን ተሰየመ። ቡድኑ በምርጫው አሠራር ጉድለት እንዳለ ገለጸ፤ ምርጫው ዋጋ የለውም ብሎ ግን በእርግጠኝነት ሊደመድም አልቻለም። እንዲህ ያለ ዘገባ አኩራፊን አያስታርቅም። የበታች መኮንኖች አመፁ፤ መስከረም 22 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድንበሩን ተሻግረው ገቡ፣ የቦትስዋናም ተከተሉ። ማንዴላ ውጭ አገር ስለነበሩ በዚያ ቀን የደቡብ አፍሪካን የፕሬዚዳንትነት ቦታ ተክተው ይሠሩ የነበሩት ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ ነበሩ። ማሴሩ ተዘረፈች፣ መሐል ከተማዋም ነደደ። በርካታ ሰው ሞተ።

ተጭበርብሮ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ማንም አንድ ወረቀት ሳይሰርቅ እንኳ ያ ሕግ ከ60 በመቶ ድምፅ 79 ወንበር ማውጣት ይችል ነበር። አንድ ሰው ከአራት ጎረቤቶቹ አንዱ እንደ እሱ መምረጡን በዓይኑ እያየ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ሲያገኝ ተሰርቄያለሁ ቢል አይፈረድበትም።

ሌሶቶዎች ከዚያ አመድ ላይ ተቀመጡና ተነጋገሩ። ከተወዳደሩት 12 ፓርቲዎች ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው የተወከለበት ጊዜያዊ አካል ተቋቋመና ሕጉን አዲስ አደረጉት። 80ዎቹ የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ቀሩ፤ በላያቸው 40 የማካካሻ ወንበሮች ተጨመሩና ምክር ቤቱ 120 ሆነ። መራጩ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ በአንደኛው የአካባቢውን እጩ፣ በሁለተኛው ፓርቲን ይመርጣል። በፓርቲ ድምፁ መሠረት ከ120ው ስንት እንደሚገባው ይሰላል፤ በምርጫ ክልል ያሸነፈው ከዚያ ይቀነሳል፤ የጎደለው ከማካካሻው ይሞላለታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤልሲዲ አሁንም የምርጫ ክልሎቹን ጠራረጋቸው፤ 77 ወንበር ያዘ። ግን ከድርሻው በላይ ስለነበረው ከማካካሻው አንዲትም አልነካም። ቢኤንፒ በዚያው ምርጫ 22.4 በመቶ አግኝቶ 21 ወንበር ተሰጠው። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ሰው ይወከል የነበረ ሕዝብ አሁን 21 ሰው ላከ። ቤተ መንግሥት በር ላይ የሰፈረም አልነበረም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። የምርጫ ሕግ ግን እንደ አጥር ነው፤ የቆመ ዕለት ቀዳዳ የሚፈልግለት አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኤልሲዲ አንድ ስልት አገኘ። በምርጫ ክልሎቹ በራሱ ስም ተወዳደረ፤ ለፓርቲ ድምፁ ግን ዝርዝር ሳያቀርብ ደጋፊዎቹ ናሽናል ኢንዲፔንደንት ፓርቲ የተባለውን ትንሽ ፓርቲ እንዲመርጡ ነገራቸው። ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ኤልሲዲ 61 የምርጫ ክልል አሸነፈ። ወዳጁ ትንሽ ፓርቲ ከፓርቲ ድምፅ 52 በመቶ ገደማ አገኘ። ሁለቱ እንደ አንድ ቢቆጠሩ ኖሮ የ120 ወንበር 52 በመቶ 62 ገደማ ነው፤ 61ዱ በእጅ አለ፣ ከማካካሻው የሚገባው አንድ ብቻ ነበር። በወረቀት ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ፓርቲዎች ናቸው። ትንሹ ፓርቲ በምርጫ ክልል ምንም ስላላሸነፈ “የሚካካስለት” ሆነና 21 ወንበር ተሰጠው። ድምሩ 82። ለተገፋ ሕዝብ የተሠራች በር ባለቤቱ ራሱ ገባባት። ዋናው ተቃዋሚ ኦል ባሶቶ ኮንቬንሽንም ከሌሶቶ ወርከርስ ፓርቲ ጋር ያንኑ አድርጓል፤ እኩል ጥፋት ነው ባልልም ንጹሕ አልነበረም።

ጠቡ ዓመታት ፈጀ። የቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ኬቱሚሌ ማሲሬ ለሽምግልና ተልከው ሳይሳካላቸው ተመለሱ፤ በኋላ የአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ያዙት። በመጨረሻ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ሆኑ፦ መራጩ ለእጩው የሚሰጠው ድምፅ ራሱ ለእጩው ፓርቲ ይቆጠራል። ቀዳዳው ተደፈነ። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ሕግ ሲመረጥ ከ1998 ጀምሮ የገዙት የጠቅላይ ሚኒስትር ፓካሊታ ሞሲሲሊ አዲሱ ፓርቲ 48 ወንበር አግኝቶ አንደኛ ወጣ። መንግሥት ለመመሥረት 61 ያስፈልጋል። ሦስት ተቃዋሚ ፓርቲዎች 30፣ 26 እና 5 ወንበራቸውን ደመሩ፤ ልክ 61። ሞሲሲሊ ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ።

ጥምር መንግሥት ቀላል ነው የሚል ካለ ቀጣዩን ያንብብ። በ2014 ወታደሩ ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶማስ ታባኔ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሸሹ፤ በ2015 እና በ2017 ምርጫው ከጊዜው ቀድሞ ተደገመ። በአምስት ዓመት ሦስት ምርጫ ለደሀ አገር ከባድ ወጪ ነው፤ ለተመራጩም ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አይተውለትም። ይህ የተመጣጣኝ ውክልና እውነተኛ ዋጋ ነው፤ የምደግፈው ሥርዓት ስለሆነ ልሸፍነው አልፈልግም።

ጥራጥሬውን በሙሉ ሰፌድ ላይ የዘረገፈች አገር ደግሞ እስራኤል ናት። አገሪቱ በሙሉ አንድ ሲኒ ናት፤ ምክር ቤቷ ክኔሴት 120 ወንበር አለው። መራጩ መጋረጃው ጀርባ ገብቶ የፓርቲው ፊደል ከታተመባቸው ቁራጭ ወረቀቶች አንዱን ያነሣል፣ ፖስታ ውስጥ ይከትታል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። የሰው ስም አይመርጥም፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ፓርቲው ነው። እዚያ የሚኖሩት ወገኖቻችን ቤተ እስራኤላውያን ከአገሩ ሕዝብ 2 በመቶ አይሞሉም፤ በኔታንያ፣ በአሽዶድ፣ በቤርሼባና በሌሎችም ከተሞች ተበትነዋል። አገሪቱ በምርጫ ክልል ብትከፋፈል በየትኛውም ክልል አብላጫ መሆን ይቸግራቸው ነበር። በዝርዝሩ በኩል ግን አዲሱ መሰለ እ.ኤ.አ. በ1996 ክኔሴት ገቡ። በልጅነቷ ከጎንደር አካባቢ በሱዳን በኩል የሄደችው ፕኒና ታማኖ-ሻታም በ2013 ገብታ በ2020 ሚኒስትር ሆነች።

ይኸው ዝርዝር ተመራጩን የፓርቲ መሪው ባለዕዳ ያደርገዋል። በብዙ ፓርቲዎች ስሙን ከላይ ወይም ከታች የሚጽፈው መሪው ነው፤ የኔታንያ እናት የምታንኳኳው የራሷ ተመራጭ በር የላትም። ደፍም አለ፦ ከድምፁ 3.25 በመቶ ያልደረሰ ፓርቲ ምንም አያገኝም። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ሜሬትዝ የተባለው ፓርቲ 3.16 በመቶ አግኝቶ ደፉ ላይ ተሰናክሎ ቀረ። ከሚያዝያ 2019 እስከዚያ ድረስ ደግሞ አገሪቱ አምስት ጊዜ መርጣለች።

አሁን ወደ ቤታችን።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ አዲስ አበባ ውስጥ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ጋቢ የተከናነቡ አንዲት እናት የመራጭነት ካርዳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ሁለት እጃቸው ውስጥ ይዘዋል። ሰልፉ አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መሐረቡን ፈታ አድርገው ካርዱ መኖሩን ያዩና መልሰው ይቋጥራሉ። ማንን እንደመረጡ አላውቅም። የማውቀው፣ ገዢውን ፓርቲ ኢሕአዴግን መርጠው ከሆነ ድምፃቸው ወንበር እንዳላገኘ ነው፤ ተቃዋሚው ቅንጅት የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር በሙሉ ወሰደ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ተቃዋሚ መርጠው ከሆነ በዚያው በተመሳሳይ መንገድ ቀርተዋል፤ ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ያዘ፣ ለተቃዋሚው መድረክ አንድ ወንበር ተረፈች። በአገር ደረጃ ከ547ቱ 545ቱ የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ ሆነ፤ በ2007 ዓ.ም. ሁሉም።

ይህን ሁሉ በምርጫ ሥርዓቱ ብቻ ማመካኘት ሐቅን መሸፈን ነው። በ1997ቱና በ2002ቱ ምርጫዎች መካከል ሰዎች በጥይት ሞተዋል፣ የፓርቲ መሪዎች ታስረዋል፣ ሜዳው ጠብቧል። የትኛውም የቆጠራ ቀመር እስር ቤትን አይከፍትም። ግን አንድ ከተማ በአምስት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የአንዱ፣ መልሶም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሌላው ሆኖ መታየቱ የሕጉ ሥራ ነው። በሁለቱም ጊዜ ተሸናፊው በከተማዋ ነበረ፤ ከምክር ቤቱ ነው የጠፋው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የሲኒውን ሁለተኛ ዙር አስታውሱ። ሽምብራ ያሸነፈው ስለተሰበሰበ ነው። በአንድ አካባቢ የተሰበሰበ ደጋፊ ያለው ፓርቲ በትንሽ ድምፅ ወንበር ያገኛል፤ በመላ አገሪቱ የተበተነ ደጋፊ ያለው በብዙ ድምፅ ባዶ እጁን ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሕግ በኛ ዓይነት አገር ፖለቲከኛውን ወደ ሠፈሩ ይገፋዋል፤ ከሠፈሩ ውጭ የሚለፋበት ምክንያት አይሰጠውም። ሕገ መንግሥቱም ችግሩን ከፊል ተረድቶታል፤ አናሳ ለሆኑ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ ወንበር እንዲኖራቸው ደንግጓል። ያ ግን በየከተማው ተበትኖ ለሚኖረው አይደርስም።

መስከረም 2009 ዓ.ም. አገሪቱን ባናወጠው ተቃውሞ ማግስት ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ተናገሩ። ከዚያ በፓርቲዎች ድርድር ላይ “ቅይጥ ትይዩ” የሚል ቃል ተሰማ። ትይዩ ማለት የዝርዝሩ ወንበሮች ከምርጫ ክልሉ ውጤት ጋር ሳይገናኙ ለብቻቸው ይከፋፈላሉ ማለት ነው፤ ክልሎቹን የጠራረገው ፓርቲ ከዝርዝሩም ድርሻውን ይወስዳል። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በስልት የተጎዳችበት ውጤት በሕግ ሲጻፍ ይህ ነው። እንደገና የሚታሰብ ከሆነ የኔ ምርጫ የሚያካክሰው ቅይጥ ነው፤ ገበሬው የመንገዱንና የውኃውን ጉዳይ ይዞ የሚሄድበት የአካባቢ ተመራጭ ይቀርለታል፣ የተበተነውም ድምፅ መቆጠሪያ ያገኛል። አዛውንቱን ዛሬ ባገኛቸው የምሰጣቸው መልስም ይኸው ነው።

ይህ በተራ አዋጅ አይለወጥም። አብላጫ ድምፅ የተጻፈው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ፣ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ነው። እሱን ለማሻሻል አንቀጽ 105 ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያጸድቁት፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው እንዲደግፉት ይጠይቃል። እስከዚያው ከአንባቢዬ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ምርጫው አልቆ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ከአሸናፊው ስም ወርዳችሁ ከሥሩ የተጻፉትንም ቁጥሮች አንብቡ። እነዚያም ጎረቤቶቻችሁ ናቸው።